ረቂቅ ይዞ ወኪል ፍለጋ
ደራሲ ለገበያ የሚጽፈው የአንድ ገጽ ደብዳቤና ሥርዓቱ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ይርጋጨፌ፣ ምርትን ለውጭ ገዢ በናሙና ማስተዋወቅ ምን እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። ላኪው ለማያውቀው ገዢ በመጀመሪያ የሚልከው ኮንቴይነር ሙሉ ቡና አይደለም። ጥቂት መቶ ግራም ጥሬ ቡና በከረጢት አድርጎ፣ በላዩ ላይ የመጣበትን ቀበሌ፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑን፣ ደረጃውንና የምርት ዘመኑን ጽፎ ይልካል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የቀማሹ ነው። ቀማሹ ቡናውን ቆልቶ፣ ፈጭቶና አፍልቶ በማንኪያ ከቀመሰ በኋላ ይወስናል። ላኪው በየቀኑ እየደወለ “ወደዱት ወይ?” ብሎ አይጨቀጭቅም።

በዚሁ በጌዴኦ ዞን ልብ ወለድ፣ የሕይወት ታሪክ ወይም የጥናት ሥራ ጽፈው በመሳቢያ ያስቀመጡ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና ነጋዴዎች አይጠፉም። እነዚህ ሰዎች የቡናውን ገበያ ሥርዓት ቢያውቁም የመጽሐፉን ገበያ ሥርዓት የሚነግራቸው ሰው ብዙም አያገኙም። በመሆኑም አንዳንዱ ረቂቁን ላገኘው ሁሉ ይበትናል፤ ሌላው “እናሳትምልሃለን” ላለው የማይታወቅ ድርጅት ገንዘብ ይከፍላል፤ ሦስተኛው ደግሞ መብቱን አሳልፎ የሚሰጥ ወረቀት ሳያነብ ይፈርማል።

የውጭው ገበያ ለኢትዮጵያውያን ዝግ አይደለም። አዲስ አበባ የተወለዱት ዲናው መንግሥቱና መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ በጻፏቸው ልብ ወለዶች በአሜሪካና በአውሮፓ ታውቀዋል፤ የመዓዛ “ዘ ሻዶው ኪንግ” እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ነበር። ሜሮን ሀደሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬን ሽልማትን በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆናለች። የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” በ1975 ዓ.ም ከታተመ ከ40 ዓመታት በላይ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በአሜሪካና በብሪታንያ ለገበያ ቀርቧል። ጥያቄው ገበያው መኖሩ ላይ ሳይሆን በሩ እንዴት እንደሚንኳኳ ነው።

ወኪሉ ማን ነው?

በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ትልልቆቹ አሳታሚዎች ረቂቅን በቀጥታ ከደራሲ እጅ የሚቀበሉበት ጊዜ እምብዛም ነው። በመካከል የደራሲ ወኪል ወይም በተለምዶው ኤጀንት የሚባል ባለሙያ አለ። ወኪሉ ረቂቁን ያነባል፣ የሚሻሻለውን ይጠቁማል፣ ለአሳታሚዎች ያቀርባል፣ በዋጋና በውል ላይ ይደራደራል፤ ከሽያጩ በኋላም የደራሲውን ሒሳብ ይከታተላል።

ይህ ሙያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ሩብ ጀምሮ ለንደን ውስጥ የተለመደ ሲሆን፣ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ስኮትላንዳዊው ኤ. ፒ. ዋት ነበር። ዋት ይወስድ የነበረው 10 በመቶ ነው። በአሁኑ ጊዜ የተለመደው ድርሻ በአገር ውስጥ ሽያጭ 15 በመቶ፣ በውጭ አገርና በትርጉም መብት ሽያጭ ደግሞ 20 በመቶ ነው።

ለአገራችን ነጋዴ የሚቀርበው ምሳሌ ደላላ ነው። ይሁንና ልዩነት አለ። ደላላ ገዢና ሻጭን አገናኝቶ፣ አንዳንዴም ከሁለቱም ወገን ተቀብሎ ይሄዳል። የደራሲ ወኪል ግን የቆመው ለደራሲው ብቻ ነው። ከአሳታሚው አንድ ሳንቲም አይቀበልም፤ የሚያገኘውም ደራሲው ሲያገኝ ነው። ለምሳሌ አንድ አሳታሚ ለአንድ ልብ ወለድ 10,000 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ቢሰጥ፣ ወኪሉ 1,500 ዶላር ወስዶ 8,500 ዶላሩን ለደራሲው ያስተላልፋል። መጽሐፉ ካልተሸጠ የወኪሉ ገቢ ዜሮ ነው።

ወኪል የሚቸኩለውና ብዙውን ረቂቅ የማይቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ለማያውቀው ደራሲ የሚያውለው እያንዳንዱ ሰዓት በራሱ ኪሣራ የሚታሰብ ነው። የደብዳቤው ሥርዓት በሙሉ የመጣው ከዚህ ስሌት እንጂ ከትዕቢት አይደለም።

ከደብዳቤው በፊት

የመጀመሪያው ሥርዓት ሥራውን መጨረስ ነው። ልብ ወለድ ከሆነ ረቂቁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጽፎ፣ ታርሞና ተጣርቶ መገኘት አለበት። ወኪሉ ናሙናውን ወዶ “ሙሉውን ላክልኝ” ሲል “ገና ግማሹ ላይ ነኝ” የሚል መልስ በሩን ይዘጋል። ልብ ወለድ ላልሆነ ሥራ፣ ለምሳሌ ስለ ጌዴኦ ባህላዊ የእርሻ ሥርዓት ለሚጻፍ መጽሐፍ፣ ሙሉ ረቂቅ የግድ ላይሆን ይችላል። የመጽሐፉን ዓላማ፣ አንባቢውን፣ የምዕራፎቹን ዝርዝርና የጸሐፊውን ብቃት የሚያሳይ ዕቅድ ከአንድ ወይም ከሁለት ምዕራፍ ናሙና ጋር ይቀርባል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ፣ እንዲህ ያለውን ርዕስ የያዘ ጸሐፊ ይህን በዕቅዱ መጥቀሱ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ልክን ማወቅ ነው። በእንግሊዝኛው ገበያ የአንድ መጀመሪያ ልብ ወለድ የተለመደ መጠን ከ80,000 እስከ 100,000 ቃላት ነው። የ300,000 ቃላት ረቂቅ ይዞ የሚቀርብ አዲስ ደራሲ ገና ሳይነበብ ሊታለፍ ይችላል።

ሦስተኛው ሰውን መምረጥ ነው። ወኪሎች የሚቀበሉትን የጽሑፍ ዓይነት በድረ ገጻቸው ይዘረዝራሉ። የልጆች መጽሐፍ ብቻ ለሚይዝ ወኪል የታሪክ ልብ ወለድ መላክ፣ ሻይ ቅጠል ለሚገዛ ነጋዴ የቡና ናሙና እንደመላክ ነው። የወኪሉ መመሪያ ምን ያህል ገጽ፣ በምን መልክና በየትኛው አድራሻ እንደሚላክ ይናገራል። በዚያን ወቅት አዲስ ሥራ እየተቀበለ ስለመሆኑም እዚያው ይገለጻል። መመሪያው “10 ገጽ” ካለ የሚላከው 10 ገጽ ነው፤ “በኢሜይሉ ውስጥ ይለጠፍ” ካለ ደግሞ አባሪ አይደረግም። ከማይታወቅ ሰው የመጣ አባሪ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ይጠፋል።

አንዱ ገጽ

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በእንግሊዝኛ ከ250 እስከ 350 ቃላት ይበቃዋል። የሚይዛቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ለዚህ ወኪል የተጻፈበት ምክንያት፣ የሥራው ርዕስ፣ ዓይነትና የቃላት ብዛት፣ ታሪኩ በአንድ ወይም በሁለት አንቀጽ፣ በቅርብ ዓመታት ከወጡ መጻሕፍት የሚቀራረበው፣ ስለ ደራሲው ጥቂት መስመር፣ በመጨረሻም ምስጋና።

የአገራችን ሰው እዚህ ላይ የሚቸገረው በእንግሊዝኛው ብቻ ሳይሆን በልማዱም ነው። በአማርኛ ደብዳቤ ረዘም ያለ ሰላምታ ማቅረብ፣ የተቀባዩን ቤተሰብ ጤንነት መጠየቅ፣ ሥራን “ይህች አነስተኛ ጽሑፌ” እያሉ ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው። በወኪሉ ዘንድ ግን ሰላምታው ቦታ ይወስዳል፤ ዝቅ ማለቱም ደራሲው ራሱ ሥራውን ያላመነበት ያስመስላል። በተቃራኒው “ወዳጆቼ አንብበው አልቅሰዋል፣ በዓለም ላይ አምሳያ የለውም፣ ፊልም ይሆናል” የሚለው ፉከራም አይጠቅምም። ወኪሉ የሚፈልገው ታሪኩን ነው።

ስምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእኛ አገር አንድ ሰው ከነማዕረጉ የሚጠራው በራሱ ስም ሲሆን፣ በእነርሱ ዘንድ ግን በቤተሰቡ ስም ነው። የወኪሉን ስም ፊደል አሳስቶ መጻፍ ደብዳቤው ለብዙ ሰው ተባዝቶ የተበተነ ያስመስለዋል። ደራሲውም የራሱን ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ ሰጥቶ በደብዳቤው፣ በፓስፖርቱና በባንክ ሒሳቡ ላይ ያንኑ ቢይዝ ኋላ በውልና በክፍያ ጊዜ ከሚመጣ ጣጣ ይድናል። ይርጋጨፌ ራሷ በቡና ከረጢት ላይ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳላት ያየ ሰው ይህን አያቃልልም።

ለማሳያ ያህል፣ ስለ አንድ ምናባዊ ልብ ወለድ የተጻፈ ደብዳቤ በአማርኛ ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፦

“ለተከበሩ ወይዘሮ (የቤተሰብ ስም)፣
ከአፍሪካ የሚመጡ ልብ ወለዶችን እንደሚወክሉ ከመመሪያዎ ስለተረዳሁ ይህን ጽፌያለሁ። ሥራዬ 85,000 ቃላት ያለው ልብ ወለድ ነው።
በአንዲት የጌዴኦ ከተማ፣ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለ20 ዓመት እሸት ቡና ሲመዝን የኖረ ሠራተኛ ሚዛኑ ከእያንዳንዱ ገበሬ ጥቂት ኪሎ እንደሚያጎድል ያውቃል፤ ዝምም ብሏል። ሴት ልጁ ልታገባው የመረጠችው ወጣት በዚያ ጉድለት የከሰረ ገበሬ ልጅ መሆኑን ሲያውቅ ግን ዝምታው ዋጋ ያስከፍለው ጀመር። ቢናገር ሥራውንና ስሙን ያጣል፤ ባይናገር የልጁን ቤት በውሸት ላይ ያቆማል።
ተወልጄ ያደግሁት ዲላ ሲሆን በመምህርነት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶቼ በመጽሔት ታትመዋል።
በመመሪያዎ መሠረት የመጀመሪያዎቹን 10 ገጾች ከዚህ በታች አቅርቤያለሁ። ደብዳቤውን ለሌሎች ወኪሎችም መላኬን አሳውቃለሁ። ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ።”

ይህ ደብዳቤ ማን፣ የት፣ ምን እንደገጠመውና ምን ሊያጣ እንደሚችል ይናገራል። መጨረሻውን አይናገርም፤ የደራሲውንም የሕይወት ታሪክ አይዘረዝርም። ወኪሉ ቀጥሎ ወደ 10ሩ ገጽ እንዲያልፍ ካደረገ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ከሚቀራረቡ መጻሕፍት አንድ ሁለቱን መጥቀስ ሲጨመርበት ሙሉ ይሆናል፤ የሚጠቀሱትም ደራሲው በእርግጥ ያነበባቸው ሊሆኑ ይገባል።

ገጾቹን በተመለከተ ቡና ላኪው የሚያውቀው ሕግ እዚህም ይሠራል። ናሙናው ከጭነቱ መብለጥ የለበትም። ተለቅሞ የተላከ ናሙና ትዕዛዝ ያመጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ጭነቱ ሲደርስና ከናሙናው ሲያንስ ገዢው ይመልሰዋል፣ ስምም ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹን 10 ገጾች አሥር ጊዜ አርሞ ቀሪውን 300 ገጽ እንዳለ የተወ ደራሲ የሚገጥመው ይኸው ነው። ደብዳቤውንም ሆነ ገጾቹን ሌላ ሰው ወይም ኮምፒዩተር ጽፎለት በራሱ ስም የሚልክም እንዲሁ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ሥራ እንደማይቀበሉ በመመሪያቸው የሚያስታውቁ ወኪሎች በአሁኑ ጊዜ ብዙ ናቸው።

መጠበቅና አለመጨቅጨቅ

ደብዳቤን ለበርካታ ወኪሎች በአንድ ወቅት መላክ ነውር አይደለም፤ የተለመደ አሠራር ነው። ነውር የሚሆነው የሁሉንም አድራሻ በአንድ ኢሜይል ደርድሮ መላክ ነው። ለእያንዳንዱ ለብቻው ይጻፋል። በአንድ ድርጅት ውስጥ ላሉ ሁለት ወኪሎች በአንድ ጊዜ መጻፍም አይመከርም፤ ብዙዎቹ ድርጅቶች የአንዱን እምቢታ የሁሉም አድርገው ይቆጥሩታል። አምስት ወይም ስምንት ልኮ፣ የሚመጣውን መልስ አይቶ፣ ደብዳቤውን አሻሽሎ ሌላ ዙር መላክ ብልህነት ነው። በአንድ ቀን ለ100 ወኪል የበተነ ሰው ስህተቱን የሚያርምበት ቀሪ በር የለውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

መልስ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በመመሪያው የተጻፈው ጊዜ ካለፈ አንድ አጭርና ትሕትና ያለው ማስታወሻ መላክ ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ አይደለም። “መልስ ካልሰጠን አልተቀበልነውም ማለት ነው” ብለው አስቀድመው የሚያሳውቁ ወኪሎችም አሉ። ለእነዚህ ዝምታው ራሱ መልስ ስለሆነ ማስታወሻ አያስፈልግም።

በአገራችን ጉዳይ የሚፈጸመው ብዙውን ጊዜ በአካል ቀርቦ፣ ሰው ይዞና ደጅ ጠንቶ ነው። ደጅ መጥናት የትጋት ምልክት ተደርጎም ይታያል። በዚያ ገበያ ግን ስልክ መደወል፣ ቢሮ ድረስ መሄድ ወይም በግል የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ መጻፍ ከትጋት አይቆጠርም፤ ወሰን ማለፍ ነው። ውጭ የሚኖር ዘመድ ለማገዝ ሲል ወኪሉ ዘንድ ቢደውል ጉዳዩን ያበላሸዋል እንጂ አያፋጥነውም።

እምቢታ ሲመጣ መከራከር አይገባም። አብዛኛው እምቢታ ሁለት መስመር የሆነ፣ ለሁሉም የሚላክ ጽሑፍ ነው፤ መልስም አይጠብቅም። ወኪሉ ምክንያቱን ዘርዝሮ ከጻፈ ግን ጊዜውን ሰጥቷልና አጭር ምስጋና ይገባዋል፤ ሌላ ሥራ ሲኖርም በሩ ክፍት ሊሆን ይችላል። አንዱ ወኪል “ልወክልህ እፈልጋለሁ” ካለ፣ ረቂቁ በእጃቸው ላለ ለሌሎቹ ማሳወቅና አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መስጠት ሥርዓት ነው። ዝም ብሎ ፈርሞ ሌሎቹን ማስነበብ ስምን ያስነሳል።

“ሐሳቤን እንዳትሰርቁኝ” የሚል ማስጠንቀቂያ በደብዳቤው ላይ መጨመርም አይጠቅምም። ሕግ የሚጠብቀው ተጽፎ የተቀመጠውን ሥራ እንጂ ባዶ ሐሳብን አይደለም፤ ማስጠንቀቂያውም ገና ከበር ላይ ተቀባዩን በሌብነት ይጠረጥራል።

ገንዘቡ ወዴት ነው የሚሄደው?

ለአገራችን ጸሐፊ ከሁሉ የሚያስፈልገው ዕውቀት ይህ ነው። እውነተኛ ወኪል ለማንበብ፣ ለመመዝገብ ወይም ለመወከል ገንዘብ አይጠይቅም። የብሪታንያ የደራስያን ወኪሎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1974 ተቋቁሟል፤ የአሜሪካው አቻው በመጀመሪያ መልኩ እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተ ነው። በአሜሪካው ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ አባላት ረቂቅ ለማንበብ ክፍያ መጠየቅ አይችሉም። ገንዘብ የሚፈሰው ከአሳታሚ ወደ ወኪል፣ ከወኪል ወደ ደራሲ ነው። አቅጣጫው ከተገለበጠና ደራሲው ከፋይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

በኢሜይልና በማኅበራዊ መገናኛ እየመጡ “መጽሐፍህን አይተን ተደንቀናል” የሚሉ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ደራስያንን ያታልላሉ። ቀጥሎ የምዝገባ፣ የአርትዖት፣ የምስክር ወረቀት ወይም የፊልም ማስተዋወቂያ ክፍያ ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ በእርግጥ ያለን የታወቀ ወኪል ስም ወስደው፣ አንድ ፊደል ብቻ በተለወጠ የኢሜይል አድራሻ ይጽፋሉ። የሚጣራበት መንገድ ቀላል ነው። የደረሰውን መልእክት ትቶ የድርጅቱን ድረ ገጽ ራስ ፈልጎ ማግኘትና እዚያ ባለው አድራሻ መጠየቅ ነው። ሥራ የበዛበት ወኪል ያልታወቀን ደራሲ ፍለጋ ገንዘብ እየጠየቀ እንደማይዞር ማስታወስም ይበጃል።

በአማርኛና በጌዴኡፋ ለሚጽፉ

ረቂቁ በአማርኛ ወይም በጌዴኡፋ ከሆነ የእንግሊዝኛ ናሙና ትርጉም ያስፈልጋል፤ ወኪሉ ማንበብ የማይችለውን አይወክልምና። ሙሉ መጽሐፉን በራስ ገንዘብ ከማስተርጎም በፊት ከ20 እስከ 30 ገጽ የሚሆን ጥሩ ናሙና ከአጭር የታሪክ ማጠቃለያ ጋር ማዘጋጀት ወጪን ይቀንሳል። ተርጓሚውም የራሱ መብት ያለው ባለሙያ ስለሆነ ክፍያው፣ ስሙ የሚወጣበት ሁኔታና መጽሐፉ ሲሸጥ የሚኖረው ድርሻ በጽሑፍ መስፈር አለበት።

ቀደም ሲል በአገር ውስጥ የታተመ ሥራ ከሆነ የትርጉም መብቱ በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። ደራሲው ካለፈ የወራሾቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ሕግ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል።

ወኪል ብቸኛው መንገድ አይደለም። በትርጉም ሥራ ላይ የተሰማሩ አነስተኛ አሳታሚዎች ያለ ወኪል የሚቀበሉበት ጊዜ አለ። ሽልማትም ሌላ በር ነው። የሜሮን ሀደሮ “ዘ ስትሪት ስዊፕ” መጀመሪያ የወጣው በአንድ የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ነበር። የአጫጭር ልብ ወለዶቿ ስብስብም እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዳዲስ ስደተኛ ጸሐፊዎች በሚሰጥ የአንድ አሳታሚ ሽልማት አሸንፎ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። አንድ አጭር ልብ ወለድ በመጽሔት ማውጣት በደብዳቤው የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ከብዙ ምስጋና የበለጠ ይናገራል።

አዲስ አበባ ላይስ?

በአገራችን የደራሲ ወኪልነትን መደበኛ ሙያው አድርጎ የያዘ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሥራው በአሳታሚ፣ በማተሚያ ቤትና በአከፋፋይ መካከል ተከፋፍሏል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚን የመሰለ የመንግሥት ድርጅት ረቂቅ ተቀብሎ፣ አርሞና አሳትሞ ያከፋፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙው ደራሲ የማተሚያውን ወጪ ራሱ ችሎ፣ መጽሐፉን ለአከፋፋይ በቅናሽ ወይም በአደራ ያስረክባል። ከዚያም ከመደብሮች አንስቶ ክምር መጽሐፍ ደረታቸው ላይ አቅፈው እስከሚያዞሩት ወጣቶች ድረስ ይዳረሳል።

ስሌቱን አስቀድሞ መሥራት ግድ ነው። ለምሳሌ 1,000 ቅጂ የታተመ መጽሐፍ የሽፋን ዋጋው 400 ብር፣ የአንዱ ቅጂ የኅትመት ወጪ 180 ብር፣ የአከፋፋዩ ቅናሽ 35 በመቶ ቢሆን፣ ደራሲው ከአንድ ቅጂ የሚቀበለው 260 ብር ነው። ሁሉም ከተሸጠ 80,000 ብር ያተርፋል። የተሸጠው 600 ብቻ ከሆነ ግን ገቢው 156,000 ብር፣ ወጪው 180,000 ብር ስለሆነ 24,000 ብር ይከስራል። ትርፉና ኪሣራው ያለው መጨረሻ ላይ በቀሩት ቅጂዎች ላይ ነው። በመሆኑም ከይርጋጨፌ ወይም ከዲላ ገንዘብ ተበድሮ አዲስ አበባ የሚሄድ ጸሐፊ፣ አከፋፋይ ሳያነጋግር ማተሚያ ቤት ባይገባ ይመረጣል።

ለአሳታሚና ለአከፋፋይም የአንዱ ገጽ ደብዳቤ ይሠራል። የሥራው ርዕስ፣ ዓይነት፣ የገጽ ብዛት፣ ታሪኩ በአንድ አንቀጽና የመጀመሪያው ምዕራፍ ከበቂ በላይ ነው። በአካል መቅረብ በአገራችን ነውር ባይሆንም ቀጠሮ ይዞ መሄድ፣ በገበያ ሰዓት መደብር ውስጥ ቆሞ ረቂቅ አለማንበብ፣ የታወቀ ደራሲን “ስምህን ለሽፋኑ” ብሎ አለማስጨነቅ ይገባል። አንድ ብቻ የሆነ የእጅ ጽሑፍ ለማንም ትቶ መውጣት አይገባም። የሚተወው ቅጂ ነው፤ እሱም በቀንና በፊርማ።

በአደራ የሚረከብ አከፋፋይም ምን ያህል ቅጂ እንደወሰደ፣ በስንት በመቶ ቅናሽ፣ ሒሳብ በየስንት ወሩ እንደሚተሳሰብ፣ ያልተሸጠው መቼና በማን ወጪ እንደሚመለስ የሚገልጽ ወረቀት ይፈርማል። “በእምነት ነው” የሚለው ቃል በንግድ ውስጥ የሚከበረው ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ነው።

መብት የሚሸጠው እያዩ ነው

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ኅትመት ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ አንድ ሥራ ተፈጥሮ በጽሑፍ ከተቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ይሰጠዋል። ለዚህ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ሆኖም ማስረጃ መያዝ ለሚፈልግ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘግባል።

የይርጋጨፌ ሰው ይህን መሥሪያ ቤት ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም “ይርጋጨፌ”፣ “ሲዳሞ” እና “ሐረር” የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተው፣ በዚያን ጊዜ አጠራሩ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፣ ይኸው ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1999 ዓ.ም ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት የሚያከብር ስምምነት ፈርሟል። ያ ሙግት ለደራሲም ትምህርት አለው። ቡናው ከተሸጠ በኋላም ስሙ የአምራቹ አገር ሆኖ ይቀራል፤ ገዢው በፈቃድ ይጠቀምበታል እንጂ አይወስደውም።

መጽሐፍም እንዲሁ ነው። “ለአንድ ኅትመት በአማርኛ ፈቅጃለሁ” ማለትና “ሙሉ መብቴን ሸጫለሁ” ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በመጀመሪያው ደራሲው የትርጉሙን፣ የፊልሙን፣ የድምፅ ቅጂውንና የሁለተኛውን ኅትመት መብት በእጁ ያስቀራል። በሁለተኛው ግን አንድ ቀን ከውጭ ጥያቄ ቢመጣ የሚደራደረው ሌላ ሰው ይሆናል። ውሉ የትኛው መብት፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለስንት ቅጂ፣ ለስንት ዓመትና በየትኛው አገር እንደተሰጠ ለይቶ መናገር አለበት። ያልገባውን ቃል ለሕግ ባለሙያ አሳይቶ ጥቂት መቶ ብር መክፈል፣ ኋላ የመጽሐፉን ዕድሜ ሙሉ ከመቆጨት ይሻላል።

ለማጠቃለል፣ ሥራውን የጨረሰ ጸሐፊ በቅድሚያ የሚይዛቸው አምስት ነገሮች ናቸው፦ አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ የታረሙ የመጀመሪያ ገጾች፣ የሥራውን ዓይነት የሚቀበሉ ወኪሎች ወይም አሳታሚዎች ዝርዝር፣ የተላከበት ቀንና የመልስ ቀን የሚመዘገብበት ደብተር፣ እንዲሁም ለማንበብ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሁሉ የተዘጋጀ “አይሆንም” የሚል መልስ። እነዚህን ይዞ የሚነሣ ሰው ቢያንስ የሚያጣው ጊዜውን ብቻ ነው፤ ረቂቁ፣ ገንዘቡና መብቱ ከእርሱ ጋር ይቆያሉ።